ቀሪ የተባለች ተጓዥ

ውድ አባዬ፣

አይ፣ አላኮረፍኩም። ያኮረፈ ሰው ደብዳቤ አይጽፍም። ያኮረፈ ሰው በሩን ዘግቶ፣ ራሱን ጠቅልሎ ነው የሚተኛው፤ እሱን ደሞ ቅዳሜ ጨርሼዋለሁ። «እሷ እንደሆነ ጉዞውን አትፈልገውም» ብለህ ለእማዬ የነገርካትም ልክ አይደለም። ማን ነገረህ? እሺ፣ እኔው ነኝ የነገርኩህ። ግን ስናደድ የምለውን ከመቼ ጀምሮ ነው ቁም ነገር ብለህ የምትይዘው? በሰባት ዓመቴ «ከዛሬ ጀምሮ አባቴ አይደለህም» ብዬህ አልነበር? በማግስቱ ታዲያ የጫማዬን ክር ያሰረልኝ ማን ነበር?

ያልደወልኩት ልትፈትን የሄድክበት ግቢ ውስጥ የፈታኞችን ስልክ ሰብስበው እስከ አስራ አንድ ሰዓት ስለሚይዙባችሁ ነው። ለነገሩ ባይዙባችሁም አልደውልም ነበር። በስልክ እኔ ስጮህ አንተ ዝም ትላለህ፣ አንተ ዝም ስትል እኔ ይብስብኛል፣ ከዛ ካርድ ያልቃል። ወረቀት ላይ ብጮህ ግን ማንም አይሰማኝም። ደብዳቤውን የሚያመጡልህ ፊሽካው ናቸው። የስፖርት መምህራችሁን ተማሪው በሙሉ ፊሽካው እንደሚላቸው መቼም ታውቃለህ፤ ካላወቅክ እኔ አልነገርኩህም። ታሞ የተመለሰውን ፈታኝ ሊተኩ ሐሙስ ጠዋት ይነሳሉ፣ ለምሳ እናንተ ጋ ይደርሳሉ።

አሁን ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርህ፣ አንተ ግማሹን ብቻ ነው ያየኸው።

የመምህራን ማኅበሩ በትምህርት ቤት እረፍት ቤተሰብ ይዞ ወደ ደሴቶቹ ሊሄድ ነው ያልከን ቀን ትዝ ይልሃል? እማዬ ከክሊኒኩ ካርድ ክፍል ገና መግባቷ ነበር፣ ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም። «ባሕር? እኔ? ባልዲ ውስጥ እጄን ስከት እንኳ ይጨንቀኛል» አለች። ትንሹ ወንድሜን ጥያቄ ያልነው በከንቱ አይደለም፤ ደሴት ከታች ተያይዟል ወይስ ይንሳፈፋል እያለ እራት እስኪቀርብ ነዘነዘን። ተራራ ነው፣ እግሩን ውሃ ውስጥ የነከረ ተራራ ነው አልከው። «ታዲያ ጫማውን የት አወለቀ?» አለህ። እንደዛ ስትስቅ ካየሁህ ስንት ጊዜዬ ነው።

ከዛ ማስመሪያህን አወጣህ። አባዬ፣ አንተ እኮ ገነት ግባ ብትባል መጀመሪያ ሠንጠረዥ ነው የምታሰምረው። ሁለት ትልልቅ ወረቀት አገጣጥመህ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ለጠፍክ። ስድስቱም ቀን በሰዓት በሰዓት ተከፋፍሏል። ጠዋት አሸዋው ላይ፤ ፀሐይ ሲከር ከኮኮናት ዛፍ ሥር፣ «ፍሬው ከማይወድቅበት በኩል» የሚል ቅንፍ ተጨምሮበት፤ ከሰዓት ጀልባ፤ ዝናብ ከመጣ ካርታ ጨዋታ። «ነፃ ጊዜ» የሚለው ራሱ ከዘጠኝ እስከ አስር ነው። ባሕሩ ዳር ደወል ልትደውልልን ነው ወይ ብዬ ሳሾፍብህ አንተም አብረህ ሳቅክ። እዛው ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር።

እኔ ግን የሳቅኩት ከአንገት በላይ ነው። ከሠንጠረዡ አናት ላይ «የተማሪዎች እረፍት» ብለህ በቀይ ጽፈህ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰምረህበታል። ጥያቄ ተማሪ ነው። አንተ አስተማሪ ነህ፣ እረፍቱ ይነካሃል። እማዬ ከክሊኒኩ ፈቃድ ጠይቃለች። እኔ ከአስረኛ ክፍል ጥዬ ወጥቼ የሰው ስልክ ስፈታ የምውል ሰው፣ ከምን ላይ ነው የማርፈው? ይሄን ለማንም አልተነፈስኩም። አንድ ሳምንት ሙሉ ስውጠው ቆየሁ፤ እኔ ደሞ የዋጥኩት ነገር ሆዴ ውስጥ አይቀመጥልኝም።

አርብ ከሱቅ ስመለስ ከሠንጠረዡ ሥር ስማችንን ደርድረሃል። እማዬ፣ ፊት ለፊቷ «ሙሉ»። ጥያቄ፣ «ሙሉ»። አንተ፣ «ሙሉ»። እኔ፣ «ቀሪ»።

ይቺ ቃል እኮ ያንተ የየቀን እንጀራ ናት። መዝገብህን ትገልጣለህ፣ ስም ትጠራለህ፣ አቤት የሚል ከጠፋ፣ ቀሪ። ሰው ሲሄድ ቤት የሚጠብቀውስ ምን ይባላል? ቀሪ። ደሜ ፈላ። አንተ ወጥ ቤት እጅህን ትታጠባለህ፣ እኔ ቦርሳዬን ሳላወርድ ወረቀቱን ይዤ ሸረከትኩት። ከዛ ያልኩህን አልደግመውም፤ ጎረቤት በሙሉ ሰምቶታል፣ የጎደለብህ ካለ እነሱን ጠይቅ። ጥያቄ አለቀሰ። አንተ ያልከው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አንብበሽ ነው የቀደድሽው?»

እኔ ደሞ «ማንበብ የት እችላለሁ፣ ትምህርት ያቋረጥኩ አይደለሁ?» አልኩህ። ጎበዝ መልስ የመለስኩ መስሎኝ ነበር።  ቅዳሜ ስነሳ ለፈተናው ሄደሃል።

እሁድ ጥያቄ ቁርጥራጩን በፌስታል ሰብስቦ አመጣልኝ። «አንቺ የተሰበረ ስልክ ትሠሪ የለ፣ ወረቀት አያቅትሽም» አለኝ። ለሱ ስል ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በፕላስተር መለጣጠፍ ጀመርኩ። ጀልባውን አገኘሁት፣ ኮኮናቱን ከጥላው ጋር አገናኘሁት። መጨረሻ ላይ ከግርጌው በኩል፣ በዛች የጉንዳን እግር በምታክል ጽሑፍህ፣ እንዲህ ይላል፤ «መፍቻ። ሙሉ፣ ፎቶና ማስረጃው የተሟላ። ቀሪ፣ ፎቶ የሚቀረው።»

መፍቻ አልክ። አባዬ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ መፍቻ በእጄ ይዤ እየዋልኩ ያንተን መፍቻ ሳላይ ቀደድኩት። ነገርን ከሥሩ ሲሉ ለካ ወረቀትንም ነው። አንድ ጉርድ ፎቶ ነው የቀረኝ። ተቀምጬ ሳቅኩ፣ ከዛ ሳቄ ወደ ሌላ ነገር ዞረ። ጥያቄ «መቀሱ ቆረጠሽ እንዴ?» ሲለኝ አዎ አልኩት።

ጥፋቱን ግን ብቻዬን አልሸከመውም። «ፎቶ» ብለህ ብትጽፈው ምን ነበረበት? እሷም እኮ ሁለት ፊደል ናት።

ሰኞ ለዶክተሩ ነገርኩት። ዶክተሩ ያልኩህ የሱቁ ባለቤት ነው፣ የሞተ ስልክ ስለሚያስነሳ ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው። ስክሪን እየለጠፈ ቀና ሳይል ሰማኝና አልበራ ያለ ስልክ ሲመጣ መጀመሪያ ምን እንደማደርግ ጠየቀኝ። ቻርጅ እንዳለው አያለሁ አልኩት። «አባትሽን ግን ሳታዪ ነዋ የፈታታሽው» አለ። ከዛ እስከ ምሳ ፈቃድ ሰጠኝና ፎቶ ተነሳሁ። አያምርም፤ ሱቅ ልትዘርፍ የመጣች ነው የምመስለው። ብቻ ተነስቻለሁ።

ማክሰኞ ደብዳቤ ይወስዱልኝ እንደሆነ ልጠይቅ ፊሽካው ጋ ሄድኩ። ሜዳው ላይ መረብ እየጠቀለሉ ነበር። እንዴት ነሽ ምናምን ካሉኝ በኋላ፣ አባትሽ ክፍል ውስጥ ስምሽን ዓመቱ እስኪያልቅ ይጠራ እንደነበር ታውቂያለሽ ወይ አሉኝ። አላውቅም። ከመዝገብ ከተሰረዝኩ በኋላ ሁሉ። መጀመሪያ ልጆቹ ይስቁ ነበር አሉ፣ ኋላ ላይ ለመዱት። ትጠራኛለህ፣ ትንሽ ትጠብቃለህ፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለህ። መረቡን በአንድ በኩል ያዝኩላቸው።

አንተም የማታውቀውን አንድ ነገር ልንገርህ። የኬሚስትሪ መምህሩ «የመምህር ልጅ ሆኖ እንዲህ መደንቆር» ብሎ ክፍሉን ሲያስቅብኝ፣ ደብተሬን ወርውሬለት የወጣሁ ጊዜ፣ ጥላ ሄደች አላችሁ አይደል? በሳምንቱ ተመልሼ መጥቼ ነበር። ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ እስከ ክፍላችን በር ድረስ። ክፍለ ጊዜው ግን ያንተ ሆነ። ሰሌዳው ላይ እየጻፍክ ነበር፣ ጀርባህን ብቻ ነው ያየሁት፣ ትከሻህ ላይ ጠመኔ ነበረ። ገብቼ ይቅርታ ልል ነበር የመጣሁት። «ይቅርታ መምህር» ልበል ወይስ «ይቅርታ አባዬ» የሚለው ላይ ተያዝኩ። ትስቃለህ፣ ግን እውነቴን ነው። ሁለቱም አፌ ላይ ነበሩ፣ አንዱም አልወጣ አለኝ። ዞሬ ሄድኩ። አላየኸኝም።

ይሄን የምጽፍልህ ልመለስ ነው ብዬ አይደለም፣ ቶሎ ብለህ እንዳትደሰት። ስለ ትምህርቱ በሌላ ቀን በሰፊው እንጣላለን። አሁን ሌላ ጉዳይ አለ።

ዛሬ ረቡዕ ፎቶዬን ይዤ ማኅበሩ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ አንተ የሞላኸውን ቅጽ አወጣች። ስሜ አለ፣ ዕድሜዬ አስራ ሰባት ተብሏል። «ሥራ» በሚለው ፊት ለፊት ለጥያቄ «ተማሪ» ብለሃል፣ ለእማዬ «ካርድ ክፍል ሠራተኛ» ብለሃል። ለኔ ባዶ ነው። ሴትየዋ ደግ ናት፣ እንደማፈር እያለች ነው የነገረችኝ። እስክሪብቶውን ይዘህ ብዙ ቆየህ አሉ፣ ከዛ «ይቺን በኋላ እሞላታለሁ» ብለህ ወጣህ። እኔ ልሙላው ስላት ዕድሜሽ ስላልደረሰ አይሆንም፣ አባትሽ በስልክም ቢሆን ይንገሩኝ አለች። ዝርዝሩ አርብ ጠዋት ለጀልባው ሰዎች ይላካል። ባዶ ያለበት ስም ይሰረዛል፣ ቦታው ተራ ለሚጠብቅ ቤተሰብ ይሰጣል። እሷ ሐሙስ እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ቢሮ አለች።

እማዬ ተማሪ ብሎ ያስጽፍሽ፣ ለስድስት ቀን ማን ይጠይቅሻል አለች። አባዬ፣ ተማሪ ብለህ ካስጻፍከኝ አልመጣም። ይሄን ተናድጄ አይደለም የምልህ፤ ጽሑፌን እየው፣ ቀጥ ብሏል። ጀልባው ላይ ባልደረቦችህ ስንተኛ ክፍል ደረስሽ ሲሉኝ፣ አንተ አጠገቤ ሆነህ ወደ ውሃው እያየህ፣ ስድስት ቀን ሙሉ መዋሸት አልችልም። አንተም አትችልም። ውሸት ስትናገር ጆሮህ ይቀላል።

እኔ የሞባይል ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ውሃ የገባበት ስልክ ፈትቼ፣ አጽድቼ፣ ገጥሜ አስነሳለሁ፤ ዶክተሩ የተዋቸውን ሁለቱን እኔ ነኝ ያስነሳኋቸው። ለማዕረግ አይበቃም፣ ለባዶ መስመር ግን ይበቃል።

ደሞ መሄድ እፈልጋለሁ። ይኸው፣ ጻፍኩት። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ሲጠፋ እንዴት እንደሚንሳፈፉ የሚያሳይ ቪዲዮ እያየሁ፣ ማታ ማታ እማዬን አልጋ ላይ በጀርባዋ አስተኝቼ አስተምራታለሁ። እጅሽን ዘርጊ፣ አንገትሽን ልቀቂው እላታለሁ። ትናንት «ኧረ ልሰጥም ነው» አለችኝ፣ ፍራሹ ላይ። ላንተም ለእማዬም ስልክ ውሃ የማያስገባ ላስቲክ ቆርጬ አሽጌያለሁ፣ ባሕር ውሃ ከምንም በላይ ስልክ ይገድላል። ያለኔ ከሄዳችሁ ጥያቄ በሁለተኛው ቀን ያንተን ይነክረዋል፣ በዚህ ልወራረድህ እችላለሁ።

እና እንዲህ አድርግ። ስልክህን እንደመለሱልህ ጸሐፊዋ ጋ ደውለህ ያቺን መስመር አስሞላ። ምን እንዳስሞላህ ግን ከሷ አፍ አልሰማም፣ ከአንተው ነው የምሰማው። ካፈርክብኝም ራስህ ንገረኝ፤ ሻንጣችሁን አሽጌላችሁ እሸኛችኋለሁ። ካላፈርክብኝ ቃሉን ሳትቆራርጥ፣ ክፍል ውስጥ ስም እንደምትጠራው አድርገህ ጥራልኝ።

ከአስራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሱቁ በር ላይ ነኝ። የሌላ ሰው ስልክ አልነካም፣ የራሴን ብቻ ይዣለሁ። እራት ልብላና፣ ልረፍና፣ ነገ ጠዋት ምናምን የሚባል ነገር የለም። ሐሙስ፣ ፀሐይ ሳትገባ ደውልልኝ።

ትልቋ ልጅህ

ሳይጨልም አልኩ።