ሰኞ እንጨርሰዋለን

ሐሙስ፣ ኅዳር 12
ከቢሮ፣ በምሳ ሰዓት

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ? እህቴ በስልክ «ደረጃ መውጣት ጀምራለች» ስትለኝ ደስ አለኝ፤ ቀጥላ «ተይ ስላት አትሰማኝም» ስትለኝ ደግሞ ይበልጥ ደስ አለኝ። እልህሽ ከተመለሰ አንቺም ተመልሰሻል ማለት ነው። እኛ ደህና ነን። የልጄ ሳል ለቋታል። የኩሽናው ቧንቧም በስንት ልመና ተሠርቷል፤ አሁን የሚንጠባጠበው የመታጠቢያ ቤቱ ነው።

ይኼን የምጽፍልሽን ነገር በስልክ ልነግርሽ ስንቴ ጀምሬ ተውኩት። ድምፅሽን ስሰማ ይጠፋብኛል። እንዳትደነግጪ ብቻ። ተቀምጠሽ አንብቢው።

ባለፈው ሳምንት በመሥሪያ ቤታችን ለመጽሐፍ ጥራዝ ክፍሉ ሰው ለመቅጠር ቃለ መጠይቅ ስናደርግ ነበር። ጠያቂዎቹ እኔና የክፍሉ ኃላፊ ነን፤ ያ እኛ «ሳቂታው» የምንለው፣ ሲስቅ ማንም አይቶት የማያውቀው ሰውዬ። ለገባው ሁሉ የምናቀርበው አንድ ጥያቄ አለ፤ የምጠይቀውም እኔ ነኝ። «ከሥራ ባልደረባህ ጋር ተጋጭተህ ታውቃለህ? እንዴትስ ፈታኸው?» መልሱን አጥንተውት ነው የሚመጡት። ተጋጨን፣ ቁጭ ብለን ተነጋገርን፣ ተግባባን፣ ዛሬ የልብ ወዳጆች ነን። እኛ ቢሮ የመጣውን ሰው ሁሉ ብታምኚ፣ በዓለም ላይ ተኳርፎ የቀረ ሰው የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የገባው ሰው አርባ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ እጁን የት እንደሚያስቀምጠው የቸገረው። ማመልከቻው ላይ ቀድሞ የሠራበትን ማተሚያ ቤት ሳይ ደግሜ አነበብኩት፤ ወንድሜ የሠራበት ነው። እዚያ የሠራ ሰው ስንት አለ ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ያቺን ጥያቄ ጠየቅኩት።

«አንድ ባልደረባ ነበረኝ» አለ። «ማጠፊያ ማሽኑ ላይ አብረን ነበር የምንሠራው። እኔ የታጠፈውን ወረቀት አስተካክዬ እከምራለሁ፤ እሱ ይመጣና ክምሩን አፍርሶ እንደገና ያስተካክለዋል። አይቆጣም፣ አይናገርም። ዝም ብሎ እንደገና ይሠራዋል።»

እማዬ፣ እጄ ወረቀቱ ላይ ቀረ። ልጆች ሆነን እኔ ያጣጠፍኩትን ልብስ ከሳጥን አውጥቶ እንደ አዲስ ሲያጣጥፈው፣ እኔ በንዴት ሳለቅስ፣ አንቺ «ተዪው፣ ፍጥረቱ ነው» ስትዪኝ ታየኝ።

«ምን አጠፋሁ ስለው ደግሞ» አለ ሰውዬው፣ «‹ምንም አላጠፋህም ጌታው› ይለኛል።»

ጌታው! ድመቷን ሳይቀር ጌታው የሚል ሌላ ሰው ታውቂያለሽ?

ሳቂታው ከወረቀቱ ቀና አላለም። እኔ ጠረጴዛውን ጭብጥ አድርጌ ይዤ «እሺ፣ እንዴት ተፈታ?» አልኩ።

«ተነጋገርን። አንድ ሰኞ ጠዋት ቀድሞኝ መጥቶ ጠበቀኝ። ያንተም አከማመር ለካ ደህና ነው አለኝ። ከዚያ ወዲህ ምሳ እንኳ ለየብቻ በልተን አናውቅም።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ወዳጄ ነው። ትናንት ደውሎ፣ ሸሚዝህን ሳትተኩስ እንዳትሄድ ብሎኛል።»

ከቀበርነው ሦስት ዓመት አልፎናል፣ እማዬ። እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ግን ለአንድ አፍታ መሞቱን ረሳሁት። ለእሱ ሲደውል ለእኔ ለምን አልደወለም ብዬ ቅር አለኝ። እውነቴን ነው፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ኩርፊያ ነው። ከዚያ በኋላ ነው መቃብሩ ትዝ ያለኝ።

ሰውዬው አመስግኖ ወጣ። ለሳቂታው «መጣሁ» ብዬ ተከተልኩትና ደረጃው ላይ ደረስኩበት።

«ወንድሜ ነው» አልኩት።

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ፊቴን አየ፤ መቼም ግንባራችን አንድ ነው። የደረጃውን ብረት ይዞ ቁጭ አለ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ይዛ ለማለፍ «ይቅርታ» ስትል፣ ሁለታችንም እንደ ተቆጡት ልጅ እግራችንን ሰበሰብን።

«አርብ ነበር» አለኝ ቆይቶ። «ከሥራ ልንወጣ ስንል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮህኩበት። ሁለተኛ እጅህን ሥራዬ ላይ እንዳላይ አልኩት። ሌላ ቢሆን አናቴን ይለኝ ነበር። እሱ ኮቱን ለበሰና ‹በል ጌታው፣ ሰኞ እንጨርሰዋለን› ብሎኝ ወጣ።»

«ተቆጥቶ?»

«ኧረ የለም! እንደ ተጀመረ ሥራ ነው የተናገረው። ሰኞ ረፋድ ላይ አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ወድቆ መሞቱን ሰማን። እኔ ቀብሩ ላይ አልቆምኩም። ምን ፊት ይዤ?»

ከዚያ ዓይኑን ባልዲዋ ያረጠበችው ደረጃ ላይ ተክሎ ነገረኝ። ሥራ ፍለጋ በገባበት ሁሉ ይኼንኑ ጥያቄ ይጠይቁታል። በዕድሜው የተጣላው ከወንድሜ ጋር ብቻ ነው። መጨረሻው ምን ሆነ ሲሉት ታረቅን አለ። በሌላው ቦታ ምሳውን ጨመረበት። በሌላው ደግሞ ስልኩን።

«አሁን አሁን ሳላስበው ራሱ ይጨመራል» አለ። «ሸሚዜን ስተኩስ ድምፁን የሰማሁት መሰለኝ። ዋሽቻለሁ፣ አይቅጠሩኝ። ግን የውሸቴን ብቻ አይደለም።»

እማዬ፣ ከፍቶት ይሆን እያልሽ ሁልጊዜ የምትጠይቂኝን ልመልስልሽ። ቅዳሜና እሁድን ቤቱ ብቻውን ነበር፤ ማንንም እንዳላናገረ እናውቃለን። አርብ ሲወጣ ግን አልከፋውም ነበር። ሰኞን እያሰበ ነው የወጣው። ይኼን የነገረኝ ያየው ሰው ነው።

ቢሮ ተመልሼ ለሳቂታው ለዚህ ሰው ነጥብ መስጠት አልችልም፣ ወንድሜን ያውቀዋል አልኩት።

«ምን አደረገው?»

«ተጣልተው ነበር። ወንድሜ ክምሩን እያፈረሰበት።»

«እንግዲያው ክምሩን እኔ አየዋለሁ» አለና ማሽኑ ላይ አቁሞ ፈተነው። ከመጡት ሁሉ እጁ የሱ ይሻላል አለኝ። ቀጠረው።

ሰኞ ሥራ ጀመረ። ማክሰኞ ኮሪደሩ ላይ ተገጣጠምን። እንኳን ደህና መጣህ ልለው ነበር አፌን የከፈትኩት።

«እንዴት ነው?» አልኩት።

ስለማን እንደጠየቅኩ ገባው። ወዲያ ወዲህ አየ።

«ደህና ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «አዲስ ቦታ እስኪለመድ ይከብዳል፣ ታገሥ እያለኝ ነው።»

ትናንትም ጠየቅኩት። ዛሬም ከዚህ ደብዳቤ በፊት ወርጄ ነበር። ትንሽ ጉንፋን ይዞት እንደነበርና አሁን እንደተሻለው ነገረኝ። እኔም ተመስገን ብዬ ወጣሁ። አትስጊ፣ ጭንቅላቴ ደህና ነው። መቃብሩን ማን እንዳሠራው አልረሳሁም። ሰውዬውም አልረሳም። ሌላ ሰው አጠገባችን ካለ አንነጋገርም።

ለእህቴ አታንብቢላት፤ በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፍራ ትመጣብኛለች። ፈጣሪ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ እንቅልፍሽን የሰላም ያድርግልሽ። የልጅ ልጅሽ «ጉንጯን ሳሚልኝ» ብላለች።

ለእሱ የምትዪው ነገር ካለሽ በሚቀጥለው ጻፊልኝ፤ አንድ መስመርም ትሁን። ሰውዬውን ጠይቄዋለሁ። አደርስላታለሁ ብሏል።

የምትወድሽ፣
ትንሿ ልጅሽ