ያልተነቀለው እንሰት፦ የወይዘሮ ሰርኬ ሀብተሥላሴ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሰርኬ ከአባታቸው ከአቶ ሀብተሥላሴ ኬርጋና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልማዜ ወልዴ በ1901 ዓ.ም በጉራጌ አገር፣ እዣ ውስጥ ተወለዱ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም፤ እንሰት መትከልና ለቆጮ መፋቅ ግን ገና በልጅነታቸው ከእናታቸው ተምረዋል። በ1917 ዓ.ም ከአቶ ዱባለ ሸንቁጤ ጋር በተክሊል ተጋብተው አዲስ አበባ ገቡ። ኮልፌ፣ ዛሬ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ከሚባለው በታች፣ ወንዝ ዳር ጎጆ ቀለሱ። ከአገራቸው ያመጡትን የእንሰት ችግኝ በጓሯቸው አባዙ። ብዙ ደጅ ከጠኑ በኋላ በ1927 ዓ.ም አንድ ልጃቸውን አቶ ሀብተማርያምን ወለዱ።

ደግ ነበሩ ብላችሁ ጀምሩ ያሉን አሉ። ወይዘሮ ሰርኬ ደግ አልነበሩም። ቃላቸውን የሚጠብቁ፣ ሌላውንም በግድ የሚያስጠብቁ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሴት ነበሩ። ከዚህ በታች ያለው እንዲነበብ ያዘዙትም ልጃቸው ናቸው፤ ነውር ነው የሚል ካለ እሳቸውን ያነጋግር።

ጣሊያን ከተማዋን በያዘ በዓመቱ፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም በወረደው እልቂት፣ አቶ ዱባለ በርበሬ ሊሸጡ እንደወጡ ቀሩ። ሬሳቸውም አልተገኘም። ከገበያው እህል ጠፋ። በዚያ ክረምት ወይዘሮ ሰርኬ ያላቸውን የእንሰት ችግኝ ሁሉ ለሰፈሩ እንዲተከል ከጓሯቸው ነቅለው አወጡት። ጎረቤቱ በደቦ ወጥቶ የወንዙን ዳር መነጠረ፣ ቆፈረ፣ ፍግ ተሸክሞ ተከለ። ሰፈርተኛው ጎመንና ድንች እንጂ እንሰት አያውቅም ነበርና፣ ሳይደርስ በዋዛ እንዳይጨርሰው ሰጉ። ስለዚህ ሁሉንም በቄስ መስቀል አስማሉ፤ በ1932 ዓ.ም መስቀል አብረው እስኪፍቁት ድረስ አንድ እግር እንሰት የሚነቅል እንዳይኖር።

የ1931 ዓ.ም ክረምት ግን የከፋ ሆነ። አጥር የሚጋሯቸው ወይዘሮ ደሜ ደበላ፣ ባለቤታቸው አቶ ባጫ ለጣሊያን መንገድ ሥራ በግዳጅ ተወስደውባቸው፣ ከሕፃን ልጃቸው ከሸዋገነት ጋር ብቻቸውን ቀርተው ነበር። በነሐሴ የልጅቱ እግርና ፊት አበጠ። ወይዘሮ ደሜም ወደ ወይዘሮ ሰርኬ መጡ።

«ሰርኬ፣ አንድ እግር ብቻ። ሥሩ ይበላል ስትዪ ሰምቻለሁ፤ ቀቅዬ ላብላት። ማንም አያይም።»

«አንዱ ከተነቀለ ሁሉም ይነቀላል። መስቀል ምን ቀረው? ጠብቂ» አሏቸው።

የእንሰት ሥር ተቀቅሎ እንደሚበላ ወይዘሮ ሰርኬ አሳምረው ያውቃሉ፤ ያደጉበት ነው። በቤታቸው የነበረችውን አንድ ጭብጥ ሽምብራ ሰጥተው መለሷቸው። ጎረቤታቸውን ስላላመኑ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዱላ ይዘው እንሰቱን ይጠብቁ ጀመር። ሸዋገነት በጳጉሜን አረፈች።

መስቀል ሳይደርስ አንድ የጣሊያን መቶ አለቃ ለካሚዮን ማቆሚያ ቦታ ሲፈልግ ወንዙ ዳር መጣ። እንሰቱን ፍሬ የማይሰጥ ሙዝ ነው ብሎ እንዲቆረጥ አዘዘ። ወይዘሮ ሰርኬ ምግቡ ከሥር ነው እያሉ እግሩ ላይ ወደቁ፤ አስተርጓሚው ሳቀ እንጂ ቃላቸውን እንኳ አላደረሰላቸውም። ቆራጮቹ በግዳጅ የመጡ የመንገድ ሠራተኞች ነበሩ። አንዱ አቶ ባጫ ናቸው። ልጃቸው መሞቷን ገና አልሰሙም ነበር። ሰፈርተኛው ሥሩን ለመልቀም ቅርጫት ይዞ ሲወጣ በአለንጋ ተመለሰ፤ ሥሩም ላይ ጠጠር ተደፋበት። ያ የተማለለት እንሰት ለአንድም ሰው ጉሮሮ አልደረሰም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ወይዘሮ ሰርኬ ከዘመድ ችግኝ አስመጥተው እንደገና ተከሉ፤ ጎረቤቱም እንደገና በደቦ ወጣ። ወይዘሮ ደሜ ግን አልወጡም። ሰላምታ አልነፈጓቸውም፤ ለቅሶም አብረው ደርሰዋል። ይሁንና በየመስቀሉ የሚላክላቸውን ቆጮ ተቀብለው፣ ወይዘሮ ሰርኬ እያዩ ለውሻ ይሰጡት ነበር። ወይዘሮ ሰርኬም መላኩን አላቆሙም። አቶ ሀብተማርያም አድገው አየር ጤና ጋራዥ ከፈቱ፤ ሲያገቡ ወይዘሮ ደሜ እልልታውን መስማት አቅቷቸው ከድንኳኑ ወጥተው ሄዱ። እኩዮች ነበሩ፣ እሳቸውና ሸዋገነት።

ወይዘሮ ሰርኬ በጉሮሮ ሕመም ተይዘው ምግብ መዋጥ ተሳናቸው። በሕክምናም በጸበልም ሲረዱ ቆይተው፣ ተስፋ ሲቆርጡ ወይዘሮ ደሜን አስጠሩ። ይቅርታ መጠየቅ አይሆንላቸውም ነበር፤ ያን ቀን ግን ጠየቁ።

ወይዘሮ ደሜ ብርድ ልብሱን እስከ አንገታቸው ሳቡላቸውና «እሷን ጠይቂያት። እኔ ምን አገባኝ? የተራበችው እሷ ናት» ብለው ወጡ።

ወይዘሮ ሰርኬ በማግሥቱ፣ ጥር 14 ቀን 1974 ዓ.ም፣ በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። አንድ ልጅና ስድስት የልጅ ልጆች ትተዋል። ወይዘሮ ደሜም ከሁላችን ቀድመው መጥተው ከሣጥኑ አጠገብ ቆመዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ሸዋገነትም ትማራቸው።