እትዬ፣ ዕድሜሽን ንገሪያቸው

እትዬ፣ እናቴን የተካሽልኝ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ? እንቅልፍሽስ? እኔ ደኅና ነኝ እንዳልልሽ፣ ሐኪም ቤት ተኝቼ፣ እግሬ ትራስ ላይ ተሰቅሎ ነው የምጽፍልሽ። ትናንት በስልክ ልነግርሽ ስጀምር አታሟርቺብኝ ብለሽ ዘጋሽብኝ፤ ዛሬ ደግሞ አታነሺም። እባክሽ ይህን እንኳ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

የወር አበባዬ ከቆመ ወዲህ ያ ሙቀት ሲያንገበግበኝ፣ ላቤ የምሰፋው ጨርቅ ላይ ሲንጠባጠብ፣ እኔን ከጠቀመኝ አንቺን አይጎዳሽም ብለሽ ከራስሽ የሆርሞን ኪኒን ግማሹን ላክሽልኝ። እውነትም ሙቀቱ ለቀቀኝ፤ መረቅሁሽ። ኋላ ባቴ አበጠና ጋለ። የስፌት መኪናው ፔዳል ነው ብዬ ቅባት አሸሁበት። ለካ ደም ረግቶ ኖሯል! ሐኪሟ ማን አዘዘልሽ ስትለኝ እህቴ አልኳት። እህትሽ ሐኪም ናት ወይ አለችኝ። የት ልግባ!

እሷ እንደነገረችኝ ኪኒኑ ስንቷን ሴት አሳርፏል፤ ግን ለሁሉም አይሆንም። በዘር ደም የረጋበት ካለ፣ ዕድሜም ከገፋ በኋላ ከተጀመረ ያሰጋል፤ የረጋው ደም ከእግር ወደ ሳንባ ከሄደ ደግሞ ይገድላል። የእማዬን እግር አስታወስሽ? ድካም ነው ስንል፣ ትንፋሽ አጥሯት በዚያው የቀረችውን?

አንቺ ደግሞ ኪኒኑን ያዘዘልሽ ሐኪም ዘንድ ባልሽ አጠገብሽ ነበርና ያችኑ ለሠርግሽ የቀነስሻትን ዕድሜ ደገምሽለት። በዚያች ዕድሜ ሒሳብ እኮ እኔ ታላቅሽ ነኝ! ባልሽ ፊት እትዬ እንዳልልሽ ከልክለሽኝ የለ? ስንቱን ዓመት ሳቅንበት። አሁን ሳቁ ጠፋብኝ። ሐኪሙ ያዘዘው ለዚያች ለሌለችው ሴት ነው እንጂ ላንቺ አይደለም።

ዛሬ ባልሽ ሊጠይቀኝ ብቻውን መጣ። የታለች ስለው፣ ደረጃ ስትወጣ ደረቷን ወጋት፣ ትንፋሽ አጠራትና ቀረች አለኝ። እንደ ዛሬ ፈርቼ አላውቅም፣ እትዬ።

አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ዕድሜሽን ስነግረው ቅንድቡን እንኳ አላነሣም፤ ክው ያለው የእናታችንን አሟሟት ሲሰማ ነው። መኪና ሊፈልግ ሮጠ፤ እስኪመለስ ነው ይህን የምጭርልሽ።

ወረቀቱን የሚሰጥሽ እሱ ነው። ፀጉሬን ላበጥር፣ ልብስ ልቀይር አትበይ። ኪኒኑን ከነካርቶኑ ይዘሽ ውጪ፤ ድንገተኛ ክፍል ስትደርሺ እውነተኛውን ዕድሜሽን ንገሪያቸው። እማዬን የወሰደ አንቺን አይይብኝ። ብትፈልጊ ተቀየሚኝ፤ ብቻ ዕድሜ ይስጥሽና ተቀየሚኝ።

ታናሽሽ