ስለ አባባ ፈረስ ማን ነገራት?

ሳምራ አንደኛ ወጣች! በድርሰት፣ ከዞኑ ትምህርት ቤቶች ሁሉ አንደኛ! ሶዶ አዳራሽ ውስጥ ስሟን በማይክራፎን ሲጠሩት በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። ሁለት ጊዜ ነው የጠሩት። የመጀመሪያውን ስላላመንኩ አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴትዮ «የማንን ልጅ ነው ያሉት?» ብዬ ጠየቅኋት። «እኔ ምን አውቄ፣ ሳምራ የምትባል ነች» ስትለኝ ነው እልልታው ያመለጠኝ።

ወንድም ጋሼ ቶማ፣ ደስታዬ ቀድሞኝ ነውና አትታዘበኝ፤ አሁን ሰላምታዬን ተቀበል። ከእግር ጥፍርህ እስከ ራስ ፀጉርህ ደህና ነህ ወይ? ወገብህን ተሻለህ? ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ መቆሙን ቀንስ ብዬህ ነበር፤ ቀነስኩ ብለሃል፤ አላምንህም። ባለቤትህ ኢየሩሳሌምስ እንዴት ናት? የምሕረትዬ የፊት ጥርስ በቀለ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። እናታችን ከጉልበቷ ሕመም በቀር ምንም አልሆነችም፤ ድምፅዋ እንደ ድሮው ከጓሮ እስከ መንገድ ይሰማል። በዴሳ ዘንድሮ ዝናቡ ሰምሮልናል፤ የጎዳሬው ቅጠል ጃንጥላ አክሏል።

ይህን ሁሉ በስልክ መንገር አቅቶኝ አይደለም። በስልክ ብጀምርልህ፣ ወሬው ወደ አንተ ሲጠጋ «አሳየሽ፣ ኔትወርኩ እየቆራረጠ ነው» ብለህ እንደምታመልጥ ስለምጠረጥር ነው። ወረቀት አይቆራረጥም። በል ቁጭ ብለህ አንብብ።

በግንቦት ወር መጨረሻ የሳምራ የአማርኛ አስተማሪ፣ መምህር መልካሙ፣ አንድ ፎርም ላከብኝ። የልጅሽ ድርሰት ከትምህርት ቤታችን ተመርጦ ሶዶ ሊሄድ ነው፤ ወላጅ «ይህን ልጄ ራሷ ጽፋዋለች» ብሎ ይፈርም፤ እስከ ዓርብ ካልተፈረመ ስሟ ይሰረዛል ይላል። ሌላ እናት ብትሆን ዓይኗን ጨፍና ትፈርም ነበር። እኔን ታውቀኛለህ፤ እንቁላል እንኳ ለፀሐይ ሳላሳይ የማልገዛ ሰው ነኝ። ሳላነብ አልፈርምም ብዬ ድርሰቱን አስመጣሁ።

ድርሰቱ ውስጥ አባቷ የሞተባት አንዲት ትንሽ ልጅ አለች። በለቅሶው ቀን የአባትየውን ዳማ ፈረስ፣ ኮርቻው እንደተጫነ፣ ማንም ሳይቀመጥበት ልጓሙን ይዘው በለቅሶው ሜዳ ያዞሩታል። በማግስቱ ፈረሱ የለም። ትልልቆቹ «አባትሽን ተከትሎ ሄደ» ይሏታል። ልጅቷም ፈረሱ ከዚያ ከሩቅ አገር ሲመጣ እንዳይራብ ብላ፣ ሲመሻሽ ሣር ነጭታ ከጓሮ እንሰቱ ሥር ታስቀምጣለች። ጠዋት ስትሄድ ሣሩ የለም። «መጥቶ በልቶ ሄዷል» ብላ ትደሰታለች።

ጋሼ፣ እዚህ ስደርስ ወረቀቱ ከእጄ ወደቀ። ያቺ ልጅ እኔ ነኛ! አባባ ሲሞት እኔ ስምንት ዓመቴ፣ አንተ አሥራ ሁለት ዓመትህ ነበር። «ፈረሱ ተከትሎት ሄደ» ያሉን አጎታችን ጦና ነበሩ፤ እሳቸውም አሁን አፈር ናቸው። የሣሩን ነገር ግን ለነፍስ ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ ለጌታሁን እንኳ፣ ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር፣ አልነገርኩትም። ታዲያ ለዚህች ልጅ ማን ነገራት?

መጀመሪያ የጠረጠርኩት እናታችንን ነው። ነገሩን ሳወጣላት ዓይኗ ፈጠጠ። «የግቢዬን ሣር እየነጨሽ የጨረስሽው አንቺ ነሽ ለካ! እኔ የጎረቤት ጥጃ ነው ብዬ አርባ ዓመት ቂም ይዣለሁ!» ብላ ወረደችብኝ። እሷ አለመሆኗ ገባኝ፤ እንዲህ ያለ ቁጣ በማስመሰል አይመጣም።

ከዚያ መምህሩን ጠረጠርኩ። ድርሰቱ ውስጥ «ፈረስ የሚያወራው ከልጅ ጋር ብቻ ነው፤ ልጁ ሲያድግ ፈረሱ ዝም ይላል» የምትል ነገር አለች። ትምህርት ቤት ድረስ ሄጄ ይህቺ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ቃል አይደለችም አልኩት። ሰውየው ሳቀ። «ወይዘሮ አሳየሽ፣ እኔ እንዲህ መጻፍ ብችል ለራሴ እወዳደርበት ነበር» አለኝ። ከባጃጅ በቀር ተሳፍረው የማያውቁ ልጆች በየዓመቱ ስለ ፈረስ ይጽፋሉ አለ። በልጅ ድርሰት ውስጥ ፈረሱ ከሄደ ልጅነቱም አብሮት ይሄዳል፤ ልጁ አንድ ነገር ያውቃል፣ ያድጋል፣ ድርሰቱም ያልቃል። «የሌሎቹ ልጆች ፈረስ ሞቶ ነው የሚያልቀው። የሳምራ ፈረስ ግን ሥራ ይዞ ተገኘ» አለኝ። እኔ ከሣሩ አልፌ አላነበብኩም ነበርና ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። እንዳልገባኝ እንዳያውቅብኝ ግን ራሴን ነቅንቄ ወጣሁ።

ሳምራን ራሷን ጠረጴዛ ፊት አስቀመጥኳትና ስለ ጎረቤታችን ፍየል እዚሁ ፊቴ አንድ ገጽ ጻፊ አልኳት። «እማ፣ ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ?» አለችኝ። ግን ጻፈች። ፍየሏ የሰጧትን ሁሉ ሦስት ጊዜ ሳታሸት የማትበላ፣ የራሷን ግልገል እንኳ «የማን ነህ?» ብላ የምትጠይቅ ፍየል ሆና ተገኘች። ጌታሁን አንብቦ እስኪያስለው ሳቀ፤ ማንን እንደመሰለችው አልጠየቅኩትም። መጻፍ መቻሏን ግን አመንኩ።

የቀረው ነጋሪው ነው። ስጠይቃት «ቃል ገብቻለሁ» ብላ ድርቅ አለች። በዚህ ዕድሜዋ ቃል የገባችለት ማን ነው? ለካ ልጅቷ ስልኬን ይዛ ወደ ጓሮ መጥፋት ካበዛች ሰንብታለች፤ ብቻዋንም ትስቃለች። እንግዲህ ሴት ልጅ ያለው ሰው ምን እንደሚያስብ ታውቃለህ። ሐሙስ ከትምህርት ቤት እንደገባች ጫማዬን አውልቄ ተከተልኳት። እንሰቱ መሃል ቁጭ ብላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋለች። የወንድ ድምፅ ነው! «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» ይላል። ደሜ ፈላ፤ እንጨት አነሳሁ። ይኼኔ ድምፁ ቀጠለና «ሣሩን በየማለዳው የማነሳው እኔ ነበርኩ። ለጎረቤት ጥጃ ነበር የምሰጠው» አለ።

አንተ ነህ! ወንድሜ፣ በቴሌግራም! እንጨቱን ጥዬ ስልኩን ከእጇ ወሰድኩና የላክኸውን ሁሉ አዳመጥኩ። ስለ እንስሳ ጻፉ ሲሏት ላንተ ደውላ፣ አንተም በድምፅ እየቀዳህ ስትልክላት ከርመሃል፤ እሷም የቆየውን ደግማ ስታዳምጥ ነው የደረስኩባት። እናታችን በጥጃው ላይ የያዘችው ቂምም እውነት ሆኖ አረፈ።

ከዚያ ስልኩን ለሳምራ መልሼ ያልጨረስኩትን ገጽ አነበብኩ። የልጅቷ ታላቅ ወንድም ከአጎቱ ጋር ሶዶ ገበያ ይሄዳል። እዚያ ዳማውን ጋሪ ላይ ታስሮ፣ ጆንያ ተጭኖበት ያገኘዋል። በስሙ ሲጠራው ፈረሱ ጆሮውን ወደ እሱ ያዞራል፤ ባለጋሪው በጅራፍ ይለዋል፤ ይሄዳሉ። ልጁ ቤት ሲመለስ እህቱ አዲስ ሣር አስቀምጣ ያገኛታል። ምንም አይናገርም። በማግስቱ ማለዳ ተነስቶ ሣሩን ያነሳል። በዚሁ ያልቃል።

ጋሼ፣ እኔ በሰው ሁሉ ላይ ዓይኔን የማፈጥ ሴት፣ ያንን አንድ ነገር በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን መርምሬው አላውቅም። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ሣሩን ማስቀመጥ ተውኩ፤ ለምን እንደተውኩ አላስታውስም፤ ፈረሱ ወዴት እንደደረሰ ግን ማንንም አልጠየቅኩም። አርባ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ፣ ጋሪ መጎተቱን ከልጄ ደብተር ተማርኩ። መጀመሪያ ተናደድኩብህ። አንተ የገበያውን ነገር ብቻህን ተሸክመህ ስትኖር እኔ ምን ሆኜ ነው የማልሰማው? ለልጅ የሚነገር ለእኔ አይነገርም? ሳምራ ፊቴን አየችና ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «እማ፣ ካልወደድሽው ይቅር። ስሜን ይሰርዙት» አለች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ቦርሳዋን ስትዘጋ እጇን አየሁት፤ እንደ ትልቅ ሰው ቀስ ብላ ነበር የምትዘጋው።

ዓርብ ጠዋት ራሴ ትምህርት ቤት ሄድኩ። «ልጄ ራሷ ጽፋዋለች» ከሚለው በታች ያለችው ቦታ አልበቃኝም፤ ፎርሙን ገልብጬ በጀርባው ጻፍኩ፦ «ሣሩ የእኔ ነው፣ ምስጢሩ የወንድሜ ነው፣ ጽሑፉ የልጄ ነው። ጠርጥሬ፣ አጣርቼ፣ ፈርሜያለሁ። አሳየሽ አንጁሎ።» መምህር መልካሙ እንዲህ ያለ ፎርም አይቼ አላውቅም አለ። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለ ፎርም ያበላሽባታል ብዬ ውጤቱ እስኪነገር አንድ ወር እንቅልፍ አጣሁ። ለካ ዳኞቹ ወደውታል። ሽልማቱን ሲሰጧት ከድርሰቷ ጋር የእኔንም ጽሑፍ አነበቡት፤ አዳራሹ ሙሉ ሳቀ። ሲስቁብኝ ነው ወይስ ሲስቁልኝ ብዬ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ሲስቁልኝ ነበር።

አሁን የቀረኝ ጥርጣሬ አንድ ነው። ያ ዳማው ስትጠራው ጆሮውን አዞረ የተባለው እውነት ነው ወይስ ሳምራ ያሳመረችው ነው? እሷን ብጠይቃት «አጎቴን ጠይቂው» ትላለች። በስልክ እንዳትመልስልኝ፤ በቴሌግራምም እንዳትልክልኝ። ፊትህን ሳላይ አላምንህም። ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ እመጣለሁ ካልክ ሦስት ጊፋታ አልፏል፤ ዘንድሮም «ትኬት ጠፋ» ልትለኝ እንደምታስብ አውቃለሁ።

እናታችን ግንባርህን ስማሃለች። ጌታሁን ሰላም ብሎሃል፤ የፍየሏንም ወሬ ሳልነግርህ እንዳልቀር አደራ ብሎኛል። ሳምራ «አጎቴ፣ ቃሌን አልበላሁም፣ እማ ናት ተደብቃ የሰማችው» በይልኝ ብላለች፤ እውነቷን ነው። ኢየሩሳሌም ሆይ፣ ይህን ሰውዬ ሻንጣውን አንቺ አሰናጂለት፤ እሱ ያሰናዳው እንደሆነ ዓመት ይፈጅበታል። ምሕረትዬን ጉንጭና ጉንጯን ሳሚልኝ።

ድግሱ እዚህ በእናታችን ግቢ ነው። በሬው ታስሯል፣ ዳጣው ይፈጫል፣ ቅቤ የጠገበው ቆጮ፣ ሙቹዋው፣ ተራ አይጠበቅበትም፤ ሳምራ በዘመድ ሁሉ ፊት ድርሰቷን ታነባለች፤ ስታበቃ አንተ ተነስተህ ስለ ጆሮው ትናገራለህ። ሦስታችሁም፣ አንድ ሰው ሳይጎድል፣ ለጊፋታ፣ እሑድ መስከረም 18 ቀን 2018።

እህትህ አሳየሽ
በዴሳ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.