ወንዙ መሐል ስለ ተከመረው ጽዳት

ይድረስ ለተከበሩ የወንዝ ዳር ጽዳት ዘመቻ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለኮሚቴዎና ከጎንዎ ለማይለየው ፎቶ አንሺ ፍጹም ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ከከተማዎ በታች፣ ከቆቦ ወደ ጎብዬ በሚወስደው አስፋልት አጠገብ ማሽላ የማመርት ገበሬ ነኝ። ዝናቡ ስለማይበቃን ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈን በቦይ ወደ ማሳችን እናስገባለንና፣ ወንዙ በመንገዱ ያገኘውን ሁሉ እኛ ዘንድ ሳያደርስ አይቀርም።

ባለፈው ቅዳሜ ስላካሄዱት ዘመቻ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. የዘንባባ ዛፍ የተሣለበትና «ንጹሕ የባሕር ዳርቻ ለሁሉም» የሚል ባነር በደረቁ ወንዛችን ላይ ተሰቅሎ በማየታችን ኮርተናል። ጎረቤቴ ወይዘሮ ለምለም ባሕሩ መቼ እንደሚገባ ጠይቅልኝ ብላኛለች፤ ቀኑ ቅርብ ከሆነ ጨው መግዛቷን ልታቆም ነው።

2ኛ. ፌስታሉንና የውኃ ፕላስቲኩን ከየሰፈሩ ለቅማችሁ በአንድ ቦታ ስለ ከመራችሁት እናመሰግናለን። ቦታው የወንዙ መሐል መሆኑ ደግሞ አርቆ አሳቢነታችሁን ያሳያል፤ ሐምሌ ሲገባ ያለ መኪና፣ ያለ ነዳጅ፣ ያለ ሹፌር አበል ጎርፉ ተሸክሞ ማሳዬ ላይ ያራግፈዋል፣ ከተማውም ጸዳ ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል።

3ኛ. በአምናው ዘመቻ የተከመረው እንደዚሁ በሰላም ደርሶኛል። ከአገዳው ጋር ተቀላቅሎ ጉራቻ የምለው በሬዬ በላው። ታኅሣሥ ላይ ሆዱ ተነፍቶ አራት ቀን ምንም ሳይቀምስ ቆመ፣ በአምስተኛው ወደቀ። የእንስሳት ሐኪሙ ሕሉፍ ሆዱን ሲከፍተው የሰው ራስ የሚያህል የፌስታል ጥቅልል አወጣ፤ የዘመቻችሁ ስም የታተመበት ጓንትም ከውስጡ ተገኘ። ዘንድሮ እንዲህ ያለ ሲገጥመው ሰባተኛው መሆኑን ሕሉፍ ነግሮኛል። እዚህ ላይ ትሕትናዬን ለአፍታ ልተወውና፣ አልቅሻለሁ። ስምንት ዓመት አብረን አርሰናል።

አራተኛ የለኝም፤ ያለኝ ልመና ነው። ክምሩን ጎርፉ ሳይቀድማችሁ አንሡልኝ። ቦይህን ዝጋ እንዳትሉኝ፤ ጎርፉ ካልገባ ማሽላ የለም፣ ከገባ ደግሞ የቀረኝ አንድ በሬ በጋውን የሚበላው ያንኑ አገዳ ነው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለኮሚቴዎ ሰፊ አዳራሽ፣ ለሪፖርትዎም የሞቀ ጭብጨባ እየተመኘሁ፣ የላካችሁልኝን ሁሉ አንድም ቀን ሳልመልስ የተቀበልኩ ታዛዥዎ፣

አራጌ እሸቴ
ከወንዙ በታች

ማስታወሻ፦ ጉራቻ ከሞተ ወዲህ የቀንበሬ አንደኛው ወገን ባዶ ነው። ክቡርነትዎ ለበጎ ፈቃድ ሥራ ያለዎትን ትጋት በዓይኔ ስላየሁ ሌላ ሰው አላሰብኩም፤ የእርሻው ቀን ሲደርስ ማልደው እንዲመጡልኝ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።