በጓ የማን ናት

ኅዳር 3
ዕድሜዬ ሰባ ስድስት። ውኃ ከምንጭ እቀዳለሁ፣ ግማሽ ጀሪካን። እንጨት እፈልጣለሁ፣ ቀጫጭኑን። ቂጣ እጋግራለሁ... ያርራል እንጂ። ሚስቴ በዛች ከሞተች ሁለት ዓመት፤ ሸሚዜን ራሴ ነኝ የማጥብ። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ብቻ እምቢ አለኝ። መሬቷን ወዳጄ መሐመድአሚን በእኩል ያርሳታል። ዘንድሮ ባቄላውን ውርጭ መታው። የሴፍቲኔቱ ስንዴ ባይኖር... እሱን ልመና አልለውም። ለደከመ ሽማግሌ የተቆረጠ ነው። አይደለም እንዴ?

ኅዳር 9
አራጋው፣ የቀበሌው ሰው፣ ቤት ለቤት ሲዞር ዋለ። አዲስ ምዝገባ ነው አለ። አቅም አለው የተባለ ከስንዴው ይወጣል። "አቅሙን በምን ትለኩታላችሁ?" አልኩት። "በጥያቄ ነው፣ አያ አምባቸው።" በጥያቄ! በሬ እንኳ ሲገዛ ጥርሱ ይታያል።

ኅዳር 11
ጎረቤቴ በለጡ እግሯን እየጎተተች መጣች። እሷም ባሏ ሞቷል፣ እሷም ከስንዴው ላይ ናት። ያላት አንዲት በግ፣ ያረገዘች።
"አያ፣ መዝጋቢዎቹ እስኪያልፉ በጌን እርስዎ ደጅ አስሬ ላቆያት። ካዩብኝ ባለሀብት ብለው ይሰርዙኛል።"
"እኔንስ?"
"እርስዎማ የማን እንደሆነች አላውቅም ይበሉዋ!"
እሺ አልኩ። ምን ይከብዳል?

ኅዳር 12
መጡ። ሁለት ልጆች፣ ታብሌት ይዘው። እንግዳ ባዶ ቤት ገብቶ ባዶ አፉን አይወጣም። ከመሐመድአሚን ሚስት ማር ተበድሬ ነበር፤ ቂጣ በማር አቀረብኩ። እየበሉ ጠየቁኝ።
"በቀን ስንት ጊዜ ይበላሉ፣ አባት?"
"እስክጠግብ።" ምን ልበል? አንዳንድ ቀን አንዴ ብቻ ልበል? ለእንግዳ?
"ልጅ አለዎት?"
"አልታዬ። ዐረብ አገር ናት። እሷ እያለች ምን ጎድሎኝ!" ድምጿን ከሰማሁ ዘጠኝ ወር። እሱን አልጠየቁኝም።
"ደጅ ያለችው በግ የርስዎ ናት?"
የማን እንደሆነች አላውቅም ልል ነበር። አንደኛው ልጅ ግን ጣራዬን አየ፣ መደቤን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። አዘነልኝ። ያ ዓይን...
"ታዲያ የማን ልትሆን!" አልኩ።
ታብሌቱን ነካ ነካ አደረገው።

ታኅሣሥ 6
ስብሰባ። ከላይ እንግዳ መጣ። ጫማው ያብረቀርቃል። ተረጂነት ክብር ይነካል አለ። በየቤታችሁ ሃምሳ ሃምሳ ዶሮ ብታረቡ የት በደረሳችሁ አለ።
በለጡ ከኋላ፣ "ዶሮዎቹስ ምን ይብሉ ጌታዬ? እኛን?"
ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ መች ትተዋለች።
"ክብር ክብር ይሉናል። ወፍጮ ቤት ብንወስደው ይፈጭልናል?"
እንግዳው ሰዓቱን አየ። "ችግሩ አመለካከት ነው" አለ።
መሐመድአሚን ተነሣ። "ወላሂ ጌታዬ፣ አንድ ክረምት እኛ ዘንድ ይክረሙ። ያኔ አመለካከትዎን እናየዋለን።"
እኔስ? እኔ ሽማግሌው ተነሥቼ "ሰው ሠርቶ ይብላ!" አልኩ። ምን ነካኝ? እንግዳው የኛን ሰው ሲለምን ያየ መስሎኝ አፈርኩ። እንግዳው አጨበጨበ።
ከዚያ ስንዴው የቀረባቸውን ስም አነበቡ። መጀመሪያ እኔን። አርአያ ነው አሉ። ማኅተም ያለው ወረቀት ሰጡኝ። እንግዳው ጨበጠኝ፣ እጁ እንደ ሕፃን እጅ።
ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። የገባኝ ቤት ስደርስ ነው።
የበለጡ ስም አልተነበበም። ተመስገን።

ታኅሣሥ 10
ሽሮ ለአራት ቀን አለ። ብቆጥብ ለስድስት።

ታኅሣሥ 15
መሐመድአሚን መጣ። "አብሽር፣ አቤት በል። ቅሬታ የሚሰማ ኮሚቴ አለ። እኔ እመሰክርልሃለሁ።"
"ምን ብለህ?"
"ደሃ ነው ብዬ።"
ከቤቴ ላስወጣው ነበር። አርባ ዓመት የማውቀው ሰው። ቆይቼ እሺ አልኩ።

ታኅሣሥ 19
ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። አራጋውና ሁለት ሰዎች። መሐመድአሚን መሰከረ፤ ለመዝጋቢዎቹ ያቀረበው ማር ብድር ነው፣ ልጁም ጠፍታበታለች አለ። አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። አራጋው ለስለስ አለ።
"ማሩንም ልጅቱንም ተቀብለናል። አንድ ነገር ቀረ። በጓ የማን ናት?"
በለጡ በሩ ላይ ቆማለች፣ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ። እውነቱን ብናገር ደብቃለች ተብላ የዚያኑ ቀን ትሰረዛለች። በዚያ እግሯ... በቀን ሥራ ድንጋይ ልትሸከም ነው?
መሐመድአሚን አየኝ። በዓይኑ ተናገር ይለኛል።
"የኔ ናት" አልኩ።
"እንግዲያው ምንድን ነው አቤቱታው?"
አራጋው ያውቃል። አገር ያውቃል የማን እንደሆነች። ጻፈ።
ውጭ በለጡ እጄን ያዘችኝ። "ምነው አያ! ይውሰዷት በቃ፣ በጓን እርስዎ ይውሰዷት!"
"ወግጂ። የሰው በግ አልፈልግም።"
አለቀሰች። ተቆጣኋት። እሷ ምን አደረገች?

ጥር 4
ስንዴ የሚታደልበት ቀን። አህዮቹ በደጄ አለፉ። በሩን ዘጋሁ።

ጥር 6
በለጡ ቂጣ አመጣች። በልቻለሁ አልኳት። መደቡ ላይ ትታው ሄደች። እስኪመሽ ሳላየው ቆየሁ። ከዚያ... በላሁ።

ጥር 17
ረስቼው እንዳልሞት፣ ራሴ የምከፍለውን ልጻፍ።
ለመሐመድአሚን ሁለት ቁና ገብስ። በልግ ሲዘራ ዝንጀሮ ጠብቄ እመልሳለሁ።
ለባለወፍጮው የአንድ ጊዜ ማስፈጫ። ጠማማ ግንድ አለ ደጁ፣ እፈልጥለታለሁ። ቀስ እያልኩ።
ለቄሱ፣ ይቅርታ። ውሸቴን ተናዝዤ ንስሐ ግባ ሲሉኝ፣ ዳግም ብጠየቅም ያንኑ እላለሁ ብያቸው ተቆጥተውኛል።
ለበለጡ አሥራ አንድ ቂጣ። በምን እንደምመልስ አላወቅሁም... አሥራ ሁለተኛውን ዛሬ አመጣች። የእግሯን ኮቴ ስሰማ፣ ሳታንኳኳ ከፈትኩላት።