ሳንባዬ ውስጥ የተበተኑ አዝራሮች

ለዘበኛዬ፣ ለእህቴ ልጅ፣

ዛሬ እዚህ ሆስፒታል ከአክታዬ ያገኟቸውን የሳንባዬን ጀርሞች በስክሪን አሳዩኝ። በየቀለማቸው ቀስ ብለው ሲንሳፈፉ፣ የስፌት ክፍልሽ የአዝራር ሣጥን ውሃ ላይ የተደፋ መሰለኝ። በቁሜ ሕልም የማይ መሰለኝ።

ተመራማሪዋ፣ "አባባ፣ በአፍ የሚሳበው ስቴሮይድ የተባለው መድኃኒት የቆየ የሳንባ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ጀርሞች ይለውጥ እንደሆነ እያጠናን ነው። የእርስዎ ጀርሞች ግን መድኃኒቱን ከጀመሩ ከሦስት ወር በኋላም ያው ናቸው!" ብላ ልትጽፍ ብዕሯን አነሳች።

ሳል ያዘኝ። "ኧረ ልጄ፣ አትጻፊው! የእህቴ ልጅ ዞር ስትልልኝ መድኃኒቱን በመስኮት ነው የምነፋው" አልኳት።

"ለዚህ ነዋ ደረጃ መውጣት የሚያቅትዎ!" ብላ ተቆጣችኝ።

ከዛሬ ጀምሮ የምር እስባለሁ፤ ጀርሞቼንም ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ያያሉ። እናትሽን ሳሚልኝ። ስመለስ መድኃኒቱን እስክወስድ አጠገቤ ቁሚ፤ መስኮቱንም ዝጊው።

ቀጣፊው አጎትሽ